ዜሮ ያደረ ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ኢዮስያስ አምስት አደረ።

ሚስቱ ሶሊያና ቀድማ ነቅታ ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ግራ እጁ ላይ ያለውን አምባር አየችና መልሳ ሸፈነችው።

"ስንት አደርኩ?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"አምስት።"

"ትናንትም አምስት ነበርኩ።"

"ትናንትም አምስት ነበርክ። ተመስገን በል።"

ተመስገን አለ። አምስት ማለት እዚሁ ማለት ነው። አራት ማለት ሜዳ ማለት ነው።

ሜዳው ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ደረጃ የለውም፤ ደፍ የለውም። ወለሉ እንደ ፍራሽ ይሰምጣል፤ ጠረጴዛዎቹ ማዕዘን የላቸውም፤ ሰው የሚተኛው ከወለሉ እኩል ነው። ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። የአቅም ጽሕፈት ቤት እንደሚለው እዚያ ገብቶ የወደቀ ሰው እስካሁን የለም። ቁጥሩ ከአምስት የወረደ ሁሉ ወደዚያ ይዛወራል። የትዳር ጓደኛ አብሮ መግባት የሚችለው የእሱም ቁጥር ከአምስት ከወረደ ብቻ ነው። የሶሊያና ሃያ ሁለት ነው። እሱ ከገባ በወር አንድ እሑድ ጫማዋን አውልቃ ልትጠይቀው ይፈቀድላታል።

ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር ከተዉ ቆይተዋል። ሶሊያና የምታደርገው የጠረጴዛውን ማዕዘኖች በእሱ አሮጌ ሹራብ መጠቅለል ነበር። ኢዮስያስ የሚያደርገው ቀስ ብሎ መራመድ ነበር።

በከተማው ቁጥር የሌለው ሰው አልነበረም። ጎረምሳ አርባም ሃምሳም ይዞ ይዞራል። ቀን የወሰደውን እንቅልፍ ይመልሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እንቅልፉም እየሰሰተ ይመጣል። ክርን ከበር ጋር ሲጋጭ አንድ ይቀነሳል። አስፋልት ላይ አዳልጦ መቀመጥ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። በየመስኮቱ፣ በየበረንዳው፣ በየደረጃው ራስ ላይ "ከዚህ ቢወድቁ" የሚል የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቁጥር። የሰፈሩ ሕፃናት መቁጠር የሚማሩት ከእሱ ነው። በሩ የሰውየውን አምባር ያነባል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ከሰውየው ከበለጠ አይከፈትም። ኢዮስያስና ሶሊያና አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። የበረንዳቸው ሰሌዳ አርባ ይላል። ሁለቱም አርባ ከነበራቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። በረንዳው ላይ የቀሩትን የአበባ ማሰሮዎች በመስተዋቱ ያዩዋቸዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ይበቅሉና በጋ ሲሆን ይደርቃሉ።

ሰላምታም ተለውጧል። ወንዶች ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ መገጫጨት የተዉት ማንም ከልክሏቸው አይደለም። አንድ ሞቅ ያለ ሰላምታ አንድ ነጥብ እንደሚወስድ አዩና ተዉት። አሁን ሰው ሲገናኝ እጁን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን ያሳያል፤ ሌላውም ያሳያል፤ ከዚያ ይተላለፋሉ።

"ዛሬ ብትቀርስ?" አለች ሶሊያና፣ ቅንጨውን በእንጨት ማንኪያ እያቀረበችለት።

"ቅዳሜ ነው እኮ።"

"ቅዳሜማ በየሳምንቱ አለ።"

"በየሳምንቱ አምስት መሆኔን በምን አወቅሽ?"

ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ራሷ አሰረችለት፤ እንዳይፈታ ደግማ ቋጠረችው። ጥጥ የገባበትን ኮቱን አለበሰችውና እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘችው።

ከታች ናኦድ ይጠብቀው ነበር። ናኦድ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በወጣትነቱ ክብደት ማንሣት ያስተምር ነበር፤ አሁንም በዚያ ዕድሜው ሠላሳ አንድ ያድራል። ስለዚህ ነገር ትንሽ ያፍራል።

"እንቁላሉ መጣ!" አለ። "ማነህ፣ ሳትሰነጠቅ አደርክ?"

"አምስት።" ኢዮስያስ እጁን ከፍ አደረገ።

"አምስትም ቁጥር ነው። ና፣ ያዘኝ።"

የናኦድ ቤት ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደዚያ የሚወጣው የውጭ ደረጃ ስድስት ይላል። አምስት ያለው ሰው ብቻውን አያልፍም፤ ከሃያ በላይ ያለው ሰው ክንዱን ከያዘው ግን ይከፈትለታል። ናኦድ በየቅዳሜው የጓደኛውን ክንድ ይዞ ሲያወጣው፣ ሲመሽም መልሶ ሲያወርደው ኖሯል።

ሚልካ ከእነሱ በፊት ደርሳ ጠረጴዛውን ይዛለች። ሚልካ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ በጨዋታው ደግሞ ዳኛ። ጨዋታው ከተማሪነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው። ዳኛዋ ታሪክ ትናገራለች፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ይሳካለት እንደሆነ ዳይስ ተጥሎ ይታወቃል። ጀግኖቹ ነጥብ አላቸው። ጦር ሲያገኛቸው፣ ዘንዶ ሲነክሳቸው፣ ከገደል ሲወድቁ ይቀነስባቸዋል። ጨዋታውን ሲጀምሩት በዓለም ላይ ነጥብ የነበራቸው እነዚህ ጀግኖች ብቻ ነበሩ።

የኢዮስያስ ጀግና ባላምባራስ ዳምጠው ይባላል። የናኦድ ደግሞ ሸንኮሬ የሚባል ሌባ ነው፤ ሌባ ይሁን እንጂ ከሰረቃቸው ሰዎች ጋር ወዲያው ይወዳጃል። በዚያ ቅዳሜ ሁለቱ ከአንድ አምባ ላይ በጠፍር ገመድ እየወረዱ ነበር። ዳምጠው ከፊት፣ ሸንኮሬ ገና ከላይ።

"የአምባው ዘበኛ ነቃ፤ ጎራዴውን መዘዘ፤" አለች ሚልካ። ዳይስ ጣለች። አጎንብሳ አየችው።

"ምንድን ነው?" አለ ኢዮስያስ።

"ገመዱን መታው።"

"በጠሰው?"

"ዳምጠው ካለበት በላይ። አዝናለሁ፣ ኢዮስ።"

ናኦድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሚልካ ከሉዶ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ዳይሶች ሁሉ በኩባያ ሰበሰበች። በጨዋታው ሕግ የሁለት ሰው ቁመት ለወደቀ አንድ ዳይስ፣ የአራት ሰው ቁመት ለወደቀ ሁለት እያለ ይሄዳል። አምባው ረጅም ነው። ዳይሶቹ ከኩባያው አፍ አልፈው ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ሚልካ በጣቷ እየገፋች ደመረች። ባላምባራስ ዳምጠው ሃምሳ ስምንት ነጥብ ነበረው።

"ሃምሳ ስምንት፤" አለች።

"ልክ?"

"ልክ። ዜሮ ነህ።"

ኢዮስያስ ወንበሩን ደገፍ አለ። "እውነቱን ንገሪኝ፤ ከአምባ ላይ የወደቀ ሰው እኮ ሃምሳ ስምንት አይደለም የሚጎድለው። ሁሉንም ነው የሚጎድለው። አንድ ጎደለ፣ ሁለት ጎደለ የሚባል ነገር አለ?"

"ነጥብ ሥጋ መሰለህ?" አለች ሚልካ። ይህን ክርክር ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ሲከራከሩት ኖረዋል። "ነጥብ ትንፋሽ ነው። ዕድል ነው። የለመደ ሰው አወዳደቅ ነው። ሥጋማ የሁላችንም አንድ ነው።"

"ይሄስ ታዲያ?" አምባሩን አሳያት።

"እሱን እኔ አልሠራሁትም። እኔ ብሠራው ኖሮ ዜሮ ላይ ሰው አልገድልም ነበር።"

በእነሱ ጠረጴዛ ዜሮ ሞት አይደለም። ዜሮ የደረሰ ጀግና መሬት ላይ ይተኛል፤ ተራው ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት ጓደኛው ደርሶ ትከሻውን ከነካው ይነሣል። ማንም ካልደረሰለት ያኔ ይሞታል። ሕጉን ያወጡት በተማሪነታቸው ነው፤ ለምን ትከሻ እንደሆነ አሁን የሚያስታውስ የለም።

"እዘላለሁ፤" አለ ናኦድ።

"ሸንኮሬ አርባ አንድ ነው ያለው፤" አለች ሚልካ። "ይሞታል።"

"የተረፈውን ገመድ ይዤ እስከ መካከሉ እወርዳለሁ። ከዚያ እዘላለሁ።"

"የወደቀ ለማንሣት የሚወድቅ ሌባ?"

"ጣዪው አንቺ!"

ግማሹን ዳይስ ጣለች። ናኦድ አላየም፤ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። ሚልካ ደመረች፤ ደግማ ደመረች። "ሃያ ሰባት። በሕይወት አለህ፤ እያነከስክ ነው።"

"ነካሁት! ትከሻውን ነካሁት!"

ሦስቱም አንድ ላይ ጮኹ። ባላምባራስ ዳምጠው አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ከዳምጠው ጋር የዘለቀው የአራት ዓመት ታሪክ ከመሞት ዳነ፤ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ሳቁ።

ሲወጡም ገና እየሳቁ ነበር። ናኦድ እንደ ወትሮው የጓደኛውን ክንድ ይዞ እስከ ደረጃው ራስ አደረሰው። በሩ ሁለቱን አንብቦ ተከፈተ። ናኦድ "ባላምባራስ!" አለ። ኢዮስያስም "ሌባው!" አለ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያላደረጉትን አደረጉ። ማን እንደጀመረ አይታወቅም። ናኦድ ክንዱን ለቀቀና እጁን ጨበጠው፤ ቀኝ ትከሻ ወደ ቀኝ ትከሻ ሄደ፤ ድሮ ታክሲ ተራ ላይ እንደሚገናኙት።

ናኦድ ክብደት ያነሣ የነበረ ሰው ነው።

ኢዮስያስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሁለተኛውን የሚያሳርፍበት ወለል አልነበረም። በጀርባው ወደቀ፤ ከዚያ በጎኑ፤ ከዚያ ደረጃዎቹ ተቀባበሉት። ታች ሲደርስ አምባሩ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማ። ናኦድ ከላይ ሆኖ ቁጥሩን አየ። ዜሮ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደንቡ መሠረት የሆነ ነው።

አምቡላንስ አልመጣም፤ ዜሮ ላለው ሰው አምቡላንስ አይላክም። የእድሩ መኪና መጣ። ሾፌር የሌለው ነው፤ ከሕንፃው ፊት ቆሞ ድንኳኑን መዘርጋት ጀመረ፤ አግዳሚ ወንበሮቹን በተራ አወረደ። በሰፈሩ ሰው ሁሉ አምባር ላይ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ፤ የሴት ድምፅም በእርጋታ "አቶ ኢዮስያስ ታምራት ዐርፈዋል፤" አለ።

ሶሊያና የሰማችው ሽንኩርት እየላጠች ነው።

ሊፍቱን አልጠበቀችም። በዚያ ሕንፃ ደረጃ ላይ ሰው ሲሮጥ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ክርኗን ከግድግዳ አጋጨች፤ ሁለተኛው ላይ ተንበረከከች፤ ሃያ ሁለቱ አሥራ ስምንት ሆነ፤ አላየችውም። ግቢው ውስጥ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የሚመጡ ጎረቤቶች አገኘች። ገፍታቸው አለፈች።

ባሏ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩ ተልጦ ደም ይወርዳል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ሚልካ ፊት ለፊቱ ተንበርክካ ጣቷን ወዲያና ወዲህ ታሳየዋለች።

"ይሄን ተከተል። ጨብጠኝ። ጥብቅ አድርገህ። በቀኝህም። የት ያምሃል?"

"ክንዴን። ጫማዬ የት ሄደ?" ከዚያ ቀና ሲል ሚስቱን አያት። "ሶል፣ ክሩ አልተፈታም። እግሬ ነው ከጫማው የወጣው።"

ሶሊያና መታችው። በመዳፏ ትከሻውን መታችው፤ ደረቱን መታችው፤ እየጮኸች፣ እንባዋ እየወረደ መታችው። ጎረቤቶች ተንጫጩ። አንዱ "ኧረ ተይ! ኧረ ቁጥሩን!" ብሎ እጇን ሊይዝ መጣ።

"የቱን ቁጥር?" አለች ሚልካ።

ሁሉም አምባሩን አዩ። ዜሮ ነበር። ሶሊያና ደግማ መታችው፤ አሁን ቀስ ብላ ነው። ያው ዜሮ። ምንም አልተቀነሰም።

"በቃ አለቀብሽ፤" አለ ኢዮስያስ። "የፈለግሽውን ያህል ምቺ።"

እዚያው ደረጃው ላይ አቅፋው ተቀመጠች። ሚልካ ደረጃው ላይ ወድቆ የቀረውን የናኦድን ነጠላ ቀድዳ የኢዮስያስን ግራ ክንድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት፤ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚቀበሉት በቁጥር ቅደም ተከተል ስለሆነ ዜሮ ተራ አይደርሰውም። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ወለም ብሎታል፤ ታሸዋለች። ናኦድ የት እንደሄደ ያየ አልነበረም። ቤቱ ከውስጥ ተቆልፏል።

ድንኳኑ እንደተተከለ ቆየ። የእድሩ መኪና የሚነቅለው በሦስተኛው ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ንቀል የሚለው ሰው የለም። የሰፈሩ ሰውም ከመጣ አይቀር ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበ። ወንዶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ ካርታ አወጡ፤ ኢዮስያስም በአንድ እጁ ተጫወተ፤ ደግሞም አሸነፈ። አንድ ሽማግሌ "የሟች ዕድል ጥሩ ነው፤" አሉና የተቀመጠውን ሁሉ አሳቁት። ሶሊያና ግን አልሳቀችም። መንገዱን ነበር የምታየው። ሜዳ የሚወስዱት ሰዎች በየትኛው በኩል እንደሚመጡ ታውቃለች።

የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። የመጡትም ሰዎች ሳይሆኑ አንድ ወጣት ነበር፤ ኖላዊ የሚባል፤ የአቅም ጽሕፈት ቤቱን ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአቶ ኢዮስያስ አስከሬን የት ነው ያረፈው?"

"እዚህ፤" አለ ኢዮስያስ፣ ካርታውን ሳያስቀምጥ።

ልጁ አምባሩን አየ። በእጁ የያዘውን የሚበራ ሰሌዳ አየ። መልሶ አምባሩን አየ። "አባባ፣ አንድ ጊዜ ይተንፍሱልኝ።"

ኢዮስያስ ተነፈሰ።

"እንዲህ ያለ ነገር እኔ ጋ የለም፤" አለ ኖላዊ።

ሶሊያና ከወንዶቹ መካከል ገባችና ፊት ለፊቱ ቆመች። "ልጄ፣ አታድክመኝ። ሜዳ ትወስደዋለህ?"

"እማማ፣ ሜዳ የሚገባው ከአንድ እስከ አራት ያለው ነው።"

"እሱስ?"

"እሳቸው ዜሮ ናቸው። ዜሮ ለቀብር ነው። ለቀብር ደግሞ…" ኖላዊ ሰሌዳውን ወደ ታች ገፋ። "የተኙ መሆን አለባቸው ይላል።"

"ልተኛ?" አለ ኢዮስያስ።

"ኧረ አባባ፣ አይተኙ!"

ካርታ ተጫዋቾቹ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል አንገታቸውን ደፉ። ለኖላዊ ወንበር ሰጡት፤ ተቀመጠ። ንፍሮ አቀረቡለት፤ በላ። ልጅ ነው፤ ቁጥሩ አርባ ስምንት ይላል፤ ጉልበቱ ላይ ግን ጥጥ የተጠቀጠቀበት መከላከያ አስሯል። ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን ሲያገላብጥ ቆየ።

"አንድ መንገድ አለ፤" አለ በመጨረሻ። "እንደገና እንዲለኩ ማመልከት ይችላሉ። በሕይወት ስላሉ ዜሮው ስሕተት ነው ማለት ነው። ሲለኩ ሁለት ወይም ሦስት መውጣታቸው አይቀርም።"

"ሁለት ከወጣስ የት ነው የሚሄደው?" አለች ሶሊያና።

ኖላዊ አሰበ። "ሜዳ።"

"ሦስት ከወጣስ?"

"ሜዳ።"

"ባናመለክትስ?"

ልጁ ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ አጠፋውና ጉልበቱ ላይ በፊቱ ደፋው። "ካላመለከታችሁ፣ እማማ፣ ስለ እሳቸው የተጻፈ ምንም ትእዛዝ የለም። ባሉበት ናቸው።"

"ባሉበት ማለት?"

"እዚሁ። ቤታቸው።"

ሶሊያና "እዚሁ፤" አለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ደግማ "እዚሁ፤" አለች። ከዚያ ተነሥታ የልጁን ግንባር ሳመችው። ልጁ ደነገጠ፤ ሲሳም አምባሩን የማየት ልማድ ነበረው። ምንም አልጎደለበትም።

ሲሄድ ኢዮስያስ እስከ ግቢው በር ሸኘው። ኖላዊ ግራና ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባባ፣ ያማል?"

"ምኑ?"

"ዜሮ።"

ኢዮስያስ የተንጠለጠለ ክንዱን ቀና አደረገ። "ክንዴን ያመኛል። ግንባሬንም። ዜሮው ግን ምንም አይል።"

በዚያኑ ከሰዓት በኋላ ሶሊያና ከጠረጴዛው ማዕዘኖች ላይ ሹራቡን ፈታች። አጥባ በመስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው። ሲደርቅ ኢዮስያስ ለበሰው፤ ክርኑ ላይ የጠረጴዛው ቅርጽ ቀርቶበታል።

በቀሩት ቀናት ዜሮ መሆን ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ገባቸው። አውቶቡሱ ለኢዮስያስ መቀመጫ አልሰጠውም፤ ጭነት ከሚቀመጥበት ጋ እንዲቆም ነገረው። ጎረቤት ያለ አንድ ሰው ሲያገኘው እጁን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን ለማሳየት ይጀምርና መካከል ላይ ይተወዋል። ዜሮ የገባ አምባር በእንቅልፍ አይመለስምና ጠዋት ጠዋት ሶሊያና ብርድ ልብሱን አትገልጥም። አንዳንድ ሌሊት ግን ነቅታ ጆሮዋን ጀርባው ላይ አስጠግታ ትቆያለች፤ አሁን መኖሩን የሚነግራት ሌላ ነገር የለም።

በሮች ግን ይከፈቱለት ጀመር። ይህን ያወቁት በአጋጣሚ ነው። ኢዮስያስ ሊደገፍ ብሎ የበረንዳውን በር ሲነካው ተከፈተ። በሩ የሚያነበው የሰው ቁጥር ነው፤ ዜሮ ደግሞ ለበር ሰው አይደለም፤ እንደ ቁም ሣጥን፣ እንደ ድመት ነው። ለዕቃ በር አይዘጋም። ሶሊያና ልትከተለው ስትል ግን ተዘጋባት። አሥራ ስምንቷ በእንቅልፍ ሃያ ብቻ ሆኗል፤ ሰሌዳው አርባ ነው የሚለው።

በመስተዋቱ ወዲያና ወዲህ ሆነው ተያዩ። ኢዮስያስ ተመልሶ ገባና ጤነኛውን ክንዱን ዘረጋላት።

"ያዢኝ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ዕቃ ነኝ። ዕቃ የሚያስገባ ሰው ደግሞ አለ አይደል። ፍሪጁን ያስገቡት ልጆች እንዴት የገቡ ይመስልሻል?"

ክንዱን ያዘች። በሩ አነበባቸው፤ አንድ ዕቃና አንድ ተሸካሚ። ተከፈተ።

በረንዳው ላይ ነፋስ ነበር። ሶሊያና የብረቱን አጥር በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች፤ ወደ ታች አላየችም። የየካ ተራራ እንደ ድሮው ነው፤ ባሕር ዛፉ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ከማሰሮዎቹ በአንዱ ውስጥ ማንም ያልተከለው ጤና አዳም በቅሏል። ቅጠሉን ቆንጥራ አሸተተችና ለባሏ አፍንጫ አስጠጋችለት። እስኪበርዳቸው ድረስ እዚያ ቆሙ፤ ሰው ቢያያቸው ምንም እየሠሩ አልነበረም።

"ናኦድ አልመጣም፤" አለ ኢዮስያስ።

"ስልክም አያነሣም። ሚልካ በሩን ብትደበድብ ዝም አላት።"

"ነገ ቅዳሜ ነው።"

ሶሊያና በዚህ ጊዜ "ብትቀርስ?" አላለችም።

በማግሥቱ ኢዮስያስ ብቻውን ግቢውን ተሻገረ። የደረጃው በር ያለ ደጋፊ ተከፈተለት። የወደቀባቸውን ደረጃዎች አንድ በአንድ ወጣ፤ "ከዚህ ቢወድቁ ስድስት" የሚለውን ሰሌዳ አልፎ የናኦድን በር አንኳኳ።

ደግሞ አንኳኳ።

"ሌባው፣ እንዳለህ አውቃለሁ። የሽሮህ ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል።"

በሩ በጣት ያህል ተከፈተ። የናኦድ ጢም አድጓል። በዚያ ክፍተት ለረጅም ጊዜ አየው፤ ሹራቡን፣ የተንጠለጠለውን ክንድ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ቅርፊት።

"አትቅረበኝ፤" አለ።

"ለምን?"

"ገድዬሃለሁ እኮ። ጥሩንባውን ሰምቻለሁ።"

"አዎ፣ ገድለኸኛል። የደረሰብኝን ታውቃለህ? ክንዴን ማንም ሳይዘኝ ደረጃ ወጣሁ። ሶል ጋር በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሜዳ አልሄድም። ክፈት አሁን።"

ናኦድ በሩን ከፈተ፤ ራሱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ። እጆቹን ከጀርባው ደብቋል።

"ሕጉን ረሳኸው?" አለ ኢዮስያስ። "ዜሮ ነኝ። ተራዬ ሊደርስ ነው። ጓደኛ ደርሶ ትከሻዬን ካልነካ ምን ይሆናል?"

"ተው፣ ኢዮስ።"

"ምን ይሆናል?"

"ይሞታል፤" አለ ናኦድ በቀስታ።

"ታዲያስ?"

ኢዮስያስ ጀርባውን ለደረጃው ሳይሆን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ፤ ያን ያህል ተምሯል። ቀኝ ትከሻውን ወደ ፊት አደረገ። ናኦድ ቀረበ። በመጀመሪያ እንደ ሸክላ ነካው። ኢዮስያስ ግን የሰጠውን እጅ ጨብጦ ሳበውና ትከሻ ከትከሻ ገጨ፤ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ተሰማ። ሁለቱም ትንሽ ቃተቱ።

የናኦድ አምባር ጮኸ። ሠላሳ።

ናኦድ ቁጥሩን አየ። ቀጥሎ የጓደኛውን አምባር አየ፤ ዜሮ፣ ያው ዜሮ።

"አንድ ወሰድክብኝ፤" አለ።

"ተኝተህ ትመልሰዋለህ።"

ከታች ሚልካ የሉዶ ሣጥኗን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ይሰማ ነበር፤ ዳይሶቹ በየእርምጃዋ ይንኳኳሉ። ናኦድ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና አምባር ያለበትን እጁን ከኋላው አደረገ።

"ና፤" አለ። "ሰላምታ አንዴ ብቻ አይደለም።"